ማን ሞቶብሻል?

የጋሽ ታፈሰን ሞት ስሰማ መጀመሪያ ያደረግኩት ማልቀስ ሳይሆን ማጣራት ነበር። የነገረችኝ ከቢሮአችን ሥር ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ትዕግሥት ናት። «ሰናይት፣ ጋሽ ታፈሰ አረፉ» አለችኝ በስልክ። «በምን?» አልኳት። «በጥርስ» አለች። ስልኩን ዘግቼ ባጃጅ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። በዚያ ሰውዬ አፍ ብዙ ሰው ሲሞት ሰምቻለሁ። ከሞቱት ውስጥ ግማሾቹ ዛሬም ገበያ ይወጣሉ።

ይኼኛው እውነት ነበር። መንጋጋው ሥር ያበጠውን ነገር በጨው ውኃ እየተጉመጠመጠ ሲያስታምም ከርሞ፣ መግሉ ወደ አንገቱ ወርዶ ትንፋሽ ከልክሎት ነው የሞተው። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ሳቄ መጣ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ጋሽ ታፈሰ በቀን አንዴ ሳይናገራት የማይውላት ነገር ብትኖር «በጥርስ የሞተ ሰው አሳዩኝ» የምትለዋ ነበረች።

በሕይወት እያለ አንቱ እለው ነበር። አሁን እሱ እለዋለሁ፤ ቢሰማኝም ግድ የለኝም።

አያቱ ከሰሜን በሹመት መጥተው ወላይታ ሶዶ የቀሩ ናቸው፤ እሱም ተወልዶ ያደገው፣ ባዮሎጂ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣው እዚሁ ነው። ጡረታ በወጣ በዓመቱ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየና በራሱ እጅ ሰሌዳ ጽፎ ሰቀለ። «የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ማመልከቻ ማማከሪያ» ይላል። የሕክምና ትምህርት ቤት የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን የሚጨርሱትንም በማመልከቻ ደብዳቤና በቃለ መጠይቅ ይቀበላል መባሉ የተሰማ ሰሞን ነበር። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ነርሲንግ ያጠኑ የወላይታ ልጆች ለእረፍት ሲመጡ ያንን ደረጃ ይወጡ ጀመር። እኔ ጠዋት ጠዋት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ከሰዓት እሱ ዘንድ ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ቀጭን ነው፤ ክረምት ከበጋ ቡናማ ካፖርት ይለብሳል። ቀይ እስክሪብቶ ከጆሮው አይጠፋም። ጠረጴዛው ላይ ካስተማረበት ትምህርት ቤት ሲወጣ ይዟት የመጣት ትንሽ የመዳብ ደወል አለች። ተማሪው ገብቶ ሲቀመጥ ስሙን አይጠይቀውም፤ «እጅህን» ይለዋል። እጁን ገልብጦ ያያል። «ይህ እጅ ቲማቲም ይከትፋል እንጂ ሰው አይቀድም» ይላል። ልጁ ሲደነግጥ ደስ ይለዋል። ከዚያ ያቺን ጥያቄውን ያመጣታል፦

«ማን ሞቶብሃል?»

ይህ ጥያቄ የሥራው ሁሉ መሠረት ነበር። «ፈታኝ ከጠዋት ጀምሮ ሕዝቤን ላገለግል ሲሉት ይውላል» ይላል። «እሱም ሕዝብ ነው፤ ማንም አላገለገለውም። እንቅልፉ ይመጣል። እንቅልፉን የሚያባርርለት ሞት ብቻ ነው።» በልምምዱ ላይ «ወገኔን ለመርዳት» ያለ ሁሉ ደወሏ ይደወልበታል። ልጆቹ ያችን ደወል በሕልማቸው ሳይቀር ይሰሟት ነበር።

ሟች ያለው ሲመጣ ደግሞ ሟቹን ይገመግምለታል። «አያት አይሆንም፤ አያት ቢሞት ማን ይገረማል? አጎት ሩቅ ነው። እናት ካለህ እናት አምጣ። ወንድም ይሆናል። ሕፃን እህት በጣም ጥሩ ነው።» ከገበያ ሽንኩርት የሚመርጥ ሰው ይመስል ነበር። ሟች የሌለውን እኛ እንሰጠዋለን። እኛ ስል እኔ ነኝ። በሽታውን የምመርጠው፣ መንገዱን የማስረዝመው፣ አምቡላንሱን የማስቀረው እኔ ነበርኩ። ልጆቹ «የቲቸር ሰናይት ሟቾች» ይሏቸዋል። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያን ጊዜ እኮራባቸው ነበር።

ሟችም ተሰጥቶት መናገር ላቃተው ልጅ ፍርዱ አንድ ነው፦ «አንተ ጥርስ ሂድ። እዚያ ሟች አይጠይቁህም።» ስንቱ ልጅ አንገቱን ደፍቶ የጥርስ ሕክምና ሞልቶ ወጣ! ዛሬ ደህና ክሊኒክ ያላቸው አሉ። ጋሽ ታፈሰ ግን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው የወደቁ ተማሪዎች ይመስል ጀርባቸውን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ» ይላቸዋል።

ክፉ ብቻ ነበር ካልኩ ዋሸሁ። ልጆቹ ለቃለ መጠይቅ ሲሄዱ ማለዳ መናኸሪያ ወርዶ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ በመስኮት እጃቸውን ይዞ ይቆማል። «ከፈራህ እዚሁ ፍራና ጨርሰህ ሂድ» ይላቸዋል። የገቡም ብዙ ናቸው። ወላጆች ሶዶ መሐል መንገድ ላይ ጉልበቱን ሊስሙ ሲጎነበሱ አይቻለሁ። እኔም እዚያ ቢሮ ወደ አሥር ዓመት የቆየሁት ወድጄ ነው።

ምሕረት አንጁሎ የመጣችው በስድስተኛው ዓመት ነው። ከወላይታ ገጠር ከቢጠና ናት፤ ባዮሎጂ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች። ባለፈው ዓመት አመልክታ ቃለ መጠይቁ ላይ ወድቃለች። የሕክምና ኮሌጁ አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ እንዲያመለክት አይፈቅድም። ይህች ሁለተኛዋና የመጨረሻዋ ነበረች። ውጤቷን ሳየው ከዚያ ቀደም በዚያ ጠረጴዛ ላይ ካየኋቸው ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ጋሽ ታፈሰ እጇን እንኳ አላየም። «ማን ሞቶብሻል?» አላት።

«ማንም። ሁሉም ደህና ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ታዲያ በምን ልትገቢ ነው?»

ባለፈው ዓመት ምን ብላ እንደመለሰች ጠየቃት። «ሐኪም መሆን ከልጅነቴ ጀምሮ…» ስትል ደወሉን ደወለ።

«እናትሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አላውቅም ጋሼ። አርባ አምስት ይሆናታል።»

«እናትሽን እንገድላታለን» አለ፤ ወደ እኔም ዞሮ «በወሊድ አድርጊው» አለኝ።

ምሕረት ተነሥታ ቆመች። «ጋሼ፣ ይህን ምላሴ እሺ አይልም። በእኛ ቤት በቁም ያለ ሰው ሞተ አይባልም፤ ይጠራበታል» አለችው። እሱ ጋዜጣውን አነሣ። ተከትያት ደረጃው ላይ የያዝኳት እኔ ነኝ። «ቃል እኮ ነው ምሕረት፤ ቃል ሰው አይገድልም። ሐኪም ስትሆኚ እናትሽን አንቺ ታኖሪያታለሽ» አልኳት። ያን ቀን ባልከተላት ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ አስቤአለሁ። ተመለሰች።

ልምምዱ አሥር ቀን ፈጀ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት «እናቴ» ትልና ትቆማለች። ጋሽ ታፈሰ ይደውላል። እንደገና ትጀምራለች፤ ይደውላል። ፀሐይ ፊቷ ላይ እንዲያርፍ መስኮቱን አስከፍቶ ነው የሚያስቀምጣት። በሰባተኛው ቀን መንገዱ ላይ፣ ቃሬዛው ላይ፣ እናቷ እጇን ይዛ ስትሞት ተናግራ ጨረሰችና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የእውነት ለቅሶ ነበር። ጋሽ ታፈሰ ደወሉን መሳቢያው ውስጥ አስገባ።

«አሁን ሞተች» አለ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ፈታኞች ነበሩ። አንደኛው እዚሁ ወላይታ ተወልዶ ያደገ ሐኪም ነው። ምሕረት ተናግራ ስትጨርስ ሰውየው መነጽሩን አውልቆ «ነፍስ ይማር» አላት፤ ከየት እንደሆነችም ጠየቃት። «ከቢጠና» አለችው። አለፈች። ስሟ ሲለጠፍ ጋሽ ታፈሰ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ ወርዶ ለትዕግሥት ለስላሳ ገዛላት። እኔንም «ከሟቾችሽ ሁሉ ይህቺ ትበልጣለች» አለኝ።

እንግዲህ ስንት ዓመት ሰው ስንገድል አንድ ነገር ረስተናል። እኛ አገር ሞት ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው የለም። ያ ሐኪም ዘመዶቹን ሊጠይቅ ሲመጣ ለእናቱ ነገራቸው። «ቢጠና እናቷ በወሊድ የሞተችባት ልጅ አለች፤ ሰምቼ ዝም ብል ነውር ነው» አለ። እናቱም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ተከተሉት። ቢጠና ወርደው የአንጁሎን ቤት ጠየቁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ምሕረት ናት። እናቷ ቦዬ የሚሉትን ሥራ ሥር ከጓሮ ቆፍራ እየተመለሰች ነበር። ሁለት እንግዶች በራፏ ላይ ቆመው አየች፤ አሮጊቷ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አለቀሱ። የምሕረት እናት ቦዬውን ጣለች። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም፤ ሰው በራፍ ላይ እያለቀሰ አይጠየቅም። ራሷን ይዛ አብራቸው ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ እሱም ጮኸ። ብዙ ከተለቀሰ በኋላ ነው የምሕረት እናት የአሮጊቷን እጅ ይዛ «የሞተብን ማን ነው?» ያለችው።

«የምሕረት እናት» አሉ አሮጊቷ።

«የምሕረት እናት እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ ውኃ አምጡልኝ ብሎ ጠጣ። እናቱ ግን እንዲሁ አልሄዱም፤ ገብተው ተቀምጠው የቀረበላቸውን ቀምሰው፣ መርቀው ነው የወጡት። ሰኞ ዕለት ሐኪሙ ለኮሌጁ ተናገረ። የምሕረት ስም ተሰረዘ፤ ዳግመኛም እንዳታመለክት ተጻፈባት። ማን እንዳስተማራት ሲጠይቋት «ራሴ ነኝ» ብላለች።

ቢሮ መጥታ ስትነግረን ጋሽ ታፈሰ ካፖርቱን እንደለበሰ ቆሞ ሰማት። ይቅርታ ይጠይቃታል ብዬ ነበር፤ ሞኝ ነኝ።

«እኔ ግደያት አልኩሽ እንጂ አድራሻዋን ስጪ አልኩሽ?» አላት።

ከዚያ ወዲህ የቢሮው ሕግ ተለወጠ። ሟቾቻችን ሁሉ ከወላይታ ውጭ ያሉ ዘመዶች ሆኑ፤ የቀብራቸው ቦታም እንዳይጠቀስ ተከለከለ።

በሳምንቱ የምሕረት እናት መጣች። ጠንካራ፣ አጠር ያለች ሴት ናት። ምሕረት ከኋላዋ ነበረች። እናትየዋ ደረጃውን ወጥታ፣ ሁለታችንንም እጅ ነሥታ ተቀመጠች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ሴትና ወንዱን ብዙም አይለይም።

«እኔን የጻፈው ማን ነው?» አለች።

ጋሽ ታፈሰ በቀይ እስክሪብቶው ወደ እኔ ጠቆመ። ሳያመነታ ነው የጠቆመው።

አየችኝ። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። «በምን ሞትኩ?» አለችኝ።

ነገርኳት፤ ምን ላድርግ? በምጥ ተይዛ፣ በቃሬዛ ስትወሰድ፣ መንገድ ላይ። ምሕረት በወላይትኛ እየደገመች ታስረዳታለች። እናትየዋ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችና «ይሄማ ውሸት አይደለም» አለች። «መሞቴ ነው ውሸት።»

ከዚያ ተናገረች። ምሕረት የመጀመሪያ ልጇ ናት፤ ልትወልዳት ወደ እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። እናቷ ቤት ከዱቦ ወዲያ ነው። ምጡ ሁለት ቀን ሲይዛት ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ዱቦ ሆስፒታል ወረዱ። ወንዝ ሲሻገሩ የቃሬዛው ጠፍር ተበጠሰ። ወንድሟ የወገቡን ቀበቶ ፈቶ አሰረበት። ሱሪውን በአንድ እጁ፣ እሷን በአንድ እጁ ይዞ ዱቦ ደረሱ። ሕፃኗ ትንፋሽ ሳይኖራት ወጣች፤ አንዲት ሐኪም አፏን አፏ ላይ አድርጋ እፍ አለችባት። ሕፃኗ አለቀሰች። «ሐኪሙ እጁ ትንሽዬ ነው፤ የልጅ እጅ ነው የሚመስለው» አለች የምሕረት እናት፤ ሐኪሟን ማለቷ ነው። «ምሕረት ያልኩት ለዚህ ነው።»

ምሕረት መተርጎሟን አቁማ ነበር። «እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት።

«ምጥ ለልጅ ይወራል? ማንስ ጠየቀኝ?»

እኔ የማየው ወለሉን ነበር። የዓመታት ሥራችን «ማን ሞቶብሻል?» ማለት ነበር፤ ማን እንደተረፈ የጠየቀ አልነበረም። ያቺ ልጅ ይህን ይዛ ብትገባ ኖሮ ማን ይጥላት ነበር? ቀና ስል ጋሽ ታፈሰ ወንበሩን ወደ እናትየዋ አስጠግቷል፤ ዓይኑ እርጥብ ነው። እንደገና እንድትነግረው ለመናት። ነገረችው። ወረቀት አንሥቶ ይጽፍ ጀመር። ሕሊናው ነካው ብዬ አሰብኩ።

«ቀበቶው የቆዳ ነበር?» አላት።

በተከታዩ ዓመት ናትናኤል የሚባል ልጅ መጣ፤ እናቱ ሶዶ ውስጥ ትልቅ የልብስ መደብር አላቸው። ልጁ ቆንጆ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ሟች ግን የለውም። ጋሽ ታፈሰ መሳቢያውን ከፍቶ በቀይ የተጻፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። «ይህን በእንግሊዝኛ አድርጊለት» አለ። የመጀመሪያውን መስመር ሳነብ አወቅሁት። ቃሬዛው፣ ወንዙ፣ ቀበቶው፣ የሐኪሟ ትንሽ እጅ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ይህ የሰው ነው» አልኩት።

«የሰውማ ነው። እሷ አትጠቀምበትም፤ ተከልክላለች። ደግሞም እዚህ ውስጥ የሞተ ሰው የለም፤ ማን ለቅሶ ይመጣል?»

ጻፍኩት። «የአጎቴ የቆዳ ቀበቶ» የሚለውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ቆንጆ ዓረፍተ ነገር ነበር። ናትናኤል በአንደኛነት ገባ።

የጋሽ ታፈሰ ድንኳን ሞልቶ ነበር። ከተማው ውስጥ ያሉ ሐኪሞች፣ ያልገቡትም፣ ጥርስ የተላኩትም መጥተዋል። እድሩ አግዳሚ ወንበር አንሶት ከጎረቤት አመጣ። እኔ በር ላይ እንግዳ ስቀበል የምሕረት እናት ከቢጠና ሚኒባስ ወርዳ መጣች። ደነገጥኩ።

«ምነው? የሞተ ሰው ቤት ይኬዳል» አለችኝ። «እኔ ሳልሞት መጥተውልኝ የለ?»

ምሕረት ቢጠና ሰባተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ አልመጣችም። እናትየዋ አጠገቤ ተቀመጠች። ከምሳ በኋላ ከቀድሞ ተማሪዎች አንዱ ጥቂት ይናገር ተባለና ናትናኤል ተነሣ፤ አሁን ሦስተኛ ዓመት ሆኗል። ጋሽ ታፈሰ ሰው እንዳደረገው ተናገረ። «መጀመሪያ ቀን ለምን ሐኪም መሆን እንደምፈልግ ጠየቁኝ» አለ፤ «እኔም እናቴ እኔን ስትወልድ የሆነውን ነገርኳቸው።» ከዚያ አወራው። እየደጋገመ ስለተናገረው ሳይሆን አይቀርም፣ ሙሉ በሙሉ ያምነው ነበር። ቃሬዛው ጋ ሲደርስ ተነሥቼ ልወጣ አልኩ፤ አልወጣሁም። ቀበቶው ጋ ሲደርስ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። እናቱ ፊት ለፊት ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ በመሐረብ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

የምሕረት እናት አልተንቀሳቀሰችም። እስኪጨርስ ሰማች። «እናቱ የትኛው ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ። ጠቆምኳት፤ እኔም እንደ ጋሽ ታፈሰ ጠቆምኩ።

ተነሥታ በሰው መሐል አልፋ ሄደች። ድንኳኑ ሁሉ ያያታል። ትጮኻለች ብዬ ፈራሁ። ጎንበስ ብላ የሴትየዋን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«እንኳን ተረፍሽ» አለቻቸው።

ሴትየዋ ግራ ገብቷቸው ልጃቸውን አዩት። ልጃቸው አቀረቀረ። «አሜን» አሉ፤ ሌላ ምን ይላሉ?

የምሕረት እናት ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ መጣች። እጇን ልይዝ ስል እጇን ሰበሰበች። የቢሮው ቁልፍ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ከጋሽ ታፈሰ በኋላ ሥራውን እኔ እንደምቀጥል ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ሳታውቅ አትቀርም።

«ሌላ የሚጻፍ የለኝም ልጄ» አለችኝ። «የነበረኝ እሱ ብቻ ነው።»